የቤዝቦል ጥያቄና መልስ፦ ያልመታውንም ኳስ ቁጠሩለት

በጥቅምት እትም የዋሽንግተኑን ቤዝቦል ቡድን፣ የናሽናልስን፣ የ2025 (ቀንና ዓመቱን የምጽፈው በፈረንጆች ነው) የውድድር ዘመን ገምግሜ ስጨርስ «ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። 66 ጊዜ አሸንፎ 96 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ይህን ያህል ደብዳቤ ያስጽፋል ብዬ አልጠበቅሁም። ደስ ብሎኛል። ሰው በማይወደው ነገር እንዲህ አይቆጣም።

ሁሉንም ማተም ስለማይቻል አምስቱን መርጫለሁ። አብዛኞቹ ስለ መቺዎቹ ናቸው፤ እኔም ብርዱ ከገባ ወዲህ ሳስብ የከረምኩት ስለ እነሱው ነው። ለአዲስ አንባቢ ለማስተዋወቅ ያህል፣ ታክሲ ነጂ ነኝ። ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን ሲዛወር እኔ የታክሲ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ የከፈትኩት ሬዲዮ የቤዝቦል ጨዋታ አመጣልኝ፤ ከዚያ ወዲህ 21 የውድድር ዘመን ተከታትያለሁ፣ አብዛኛውን በጆሮዬ። ከመሪው አጠገብ የማስቀምጠው የጨዋታ ደብተር አሁን አሥራ አራተኛው ነው።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በዲላን ክሩዝ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። በ2023 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) ሁለተኛ ሆኖ ሲመረጥ «ቡድኑን የሚያድነው ይህ ልጅ ነው» ተባልን። በ2025 ያመጣው አቬሬጅ .208 ነው። ከእሱ ቀድሞ አንደኛ የተመረጠው ፖል ስኪንስ ደግሞ ለፒትስበርግ እየወረወረ ሳይ ያንግን፣ የዓመቱን ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት፣ ወሰደ። ዋጋው ጨርሶ ሳይወርድ ለምን አይሸጡትም?
አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። .208 ማለት ከአሥር ሙከራ ሁለቱን ብቻ ነው የመታው ማለት ነው፤ ከአሥር ሦስት የሚመታ ሰው ደግሞ በዚህ ጨዋታ ጌታ ነው። በሁለትና በሦስት መካከል ያለችው አንዲት ምት ናት የሰውን እንጀራ የምትወስነው።

ግን ቁጥሩን ብቻ ይዘህ አትፍረድበት። መጀመሪያ ልጁ የተጫወተው 85 ጨዋታ ነው፤ የውድድር ዘመኑ 162 ነው። በግንቦት የጎኑ ጡንቻ ተጎድቶ ወጣ፤ የተመለሰው በነሐሴ ነው። መቺ ሰውነቱን የሚያዞረው በዚያው ጡንቻ ነው። ዱላውን እጁ ቢይዘውም ኃይሉ የሚመጣው ከወገብና ከጎን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ያላዞረውን ወገብ ይዞ ሲመለስ፣ ሌሎቹ መቺዎች በመቶ ጨዋታ ዓይናቸውን አሹለው ነው የጠበቁት።

ሁለተኛ፣ የስኪንስ ነገር። ሁለቱም ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ በ2023 አብረው የኮሌጁን ሻምፒዮና ወስደዋል። በአንድ ድራፍት አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ከአንድ ትምህርት ቤት የተመረጡ ከእነሱ በፊት አልነበሩም። እንግዲህ ክሩዝ በተነሳ ቁጥር ስኪንስ ይነሳል። ወርዋሪ ግን ቶሎ ይደርሳል፤ ኳሱ በእሱ እጅ ናት፣ የት እንደምትሄድ የሚያውቀው እሱ ነው። መቺው የሌላ ሰው ሐሳብ ነው የሚያነበው። ያ ንባብ ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ፤ ችግር የለበትም አልልህም። ደብተሬን ገልጬ ሳየው አብዛኛው የክሩዝ ውድቀት አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ መሐል ለመሐል የምትመጣ ፋስትቦል፣ ፈጣን ኳስ፣ አለች፤ ያችን ያሳልፋታል ወይም ወደ ኋላ ፋውል ያደርጋታል። ሁለተኛዋ ጠርዝ ላይ ናት። ሁለት ስትራይክ ሲሆንበት (ሦስተኛው ያስወጣዋል) ፒቸሩ፣ ወርዋሪው፣ ስላይደር ይወረውርለታል። ኳሷ እስከ ግማሽ መንገድ ልክ የምትመታ ትመስላለች፤ ከዚያ ወደ ታችና ወደ ውጭ ትሸሻለች። ክሩዝ በቀኝ የሚመታ ስለሆነ ከእሱ ነው የምትሸሸው። ዱላው ተከትሏት ይሄዳል። በየሳምንቱ ይህን ስጽፍ እጄ ደክሞታል።

ይህ በሽታ ግን የሚድን ነው፤ የዳኑትን እናውቃለን። የፊላደልፊያው ማይክ ሽሚት በ1973 ያመጣው .196 ነበር፤ ከክሩዝ የባሰ። በቀጣዩ ዓመት 36 ሆም ራን (ከሜዳው አጥር ውጭ የወጣ ምት) መትቶ ሊጉን መራ፤ በመጨረሻም 548 ሆም ራን ይዞ ወደ ዝና አዳራሽ ገባ። ክሩዝ ሽሚት ይሆናል እያልኩህ አይደለም። እያልኩህ ያለሁት በመጀመሪያው ሙሉ ዓመት ሰው አይለካም ነው። ደግሞም ክሩዝ ሳይመታ እንኳ ይጠቅማል፤ እግሩ ፈጣን ነው፣ በቀኝ ሜዳ ቆሞ የሚወረውረው ክንድም አለው። ሲመታ የሚሆነውን አስበው።

በሬው ከሳ ብሎ ሰኔ ላይ ገበያ የሚያወጣ ገበሬ የለም። በክሳቱ ዋጋ ይሸጠዋል፤ በሐምሌ የሚያርስበት ያጣል። አንድ ሙሉ ዓመት፣ በየቀኑ፣ ሳይቀያየር ያጫውቱት። ያኔም ያችን ስላይደር መተው ካልተማረ ደብዳቤህን እንደገና ላክልኝ፤ አብሬህ እፈርምበታለሁ።

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። የምጽፍልዎ ስለ ልጄ ነው። 11 ዓመቱ ነው፤ በሰፈራችን ሊግ ይጫወታል። በበልጉ ጨዋታ ሁሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የመታው። አሰልጣኙ መጨረሻ፣ ዘጠነኛ ላይ ነው የሚያስገባው። ማታ «እኔ አልችልም፣ በቃ ልተወው» እያለ ያለቅሳል። የሚተኛው የጄምስ ዉድን 29 ቁጥር ማልያ ለብሶ ነው። እኔ ቤዝቦል አላውቅም፤ ሥራዬም የሌሊት ነው። ግን ዉድ ራሱ ባለፈው ዓመት 221 ጊዜ ሳይመታ ወጣ ሲባል ሰማሁ። ታዲያ እንዴት ነው ጎበዝ የሚባለው? ለልጄስ ምን ልበለው?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ ከመጡት ሁሉ ያንቺን ደብዳቤ ሁለት ቀን ይዤው ዞሬያለሁ። በሰፊው ልመልስልሽ።

የሰማሽው እውነት ነው፤ 221 ነው። በአንድ የውድድር ዘመን ከዚያ በላይ ስትራይክ አውት የሆኑ (ሳይመቱ የወጡ) ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ማርክ ሬይኖልድስ በ2009፣ 223፤ አዳም ደን በ2012፣ 222። ያው ጄምስ ዉድ ግን በዚያው ዓመት 31 ሆም ራን መቷል፣ 94 ሰው አስገብቷል፣ ኦልስታር፣ ከሊጉ ምርጦች አንዱ፣ ሆኖ ተመርጧል። ሰኔ 29 ቀን የኤንጅልስ ቡድን በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብሎ በነፃ አሳለፈው። «ከምትመታን ዝም ብለህ ወደ ቤዙ (መቺው ሮጦ ወደሚያርፍበት) ሂድ» ማለታቸው ነው። ከ2004 ወዲህ፣ ከባሪ ቦንድስ በኋላ፣ ማንም እንዲህ ተፈርቶ አያውቅም። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ይህንንም ያንንም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለልጅሽ ንገሪው። ደግሞ አንድ ነገር ጨምሪለት፤ ዉድ ያደገው እዚሁ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው፣ ኦልኒ። የእናንተው ካውንቲ ልጅ ነው።

ለምን እንዲህ ይከብዳል የሚለውን ላስረዳሽ። ፒቸሩ ከሚቆምበት እስከ መቺው 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው። ትልልቆቹ በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር ሲወረውሩ ኳሷ በአንድ ሰከንድ አራት አሥረኛ ትደርሳለች። መቺው ልምታ ወይስ ልተው ብሎ የሚወስንበት ጊዜ ደግሞ ከዚያ ግማሹ ነው። የምትመታበት ቦታ ስፋት 43 ሳንቲ ሜትር ብቻ፤ ከእኛ ምጣድ ታንሳለች። ኳሷ እዚያ ውስጥ ታልፍ እንደሆነ ገና ከፒቸሩ እጅ ሳትርቅ ማወቅ አለበት። ስለዚህ የመቺ ትልቁ ሥራ መምታት አይደለም። መምረጥ ነው።

የዉድም ችግር እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በዓመቱ አጋማሽ ከሚደረገው የኦልስታር ጨዋታ በፊት 24 ሆም ራን ነበረው፤ ከዚያ በኋላ የመታው 7 ብቻ ነው። ምን ተፈጠረ? ጉልበቱ አልጠፋም፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ነው፣ ያ አይቀንስም። ፒቸሮቹ አጠኑት። በጸደይ የሚተዋትን፣ ከደረቱ በላይ የምትመጣ ፋስትቦል፣ በነሐሴ ሲከተላት አይቻለሁ። በደብተሬ ላይ መምታቱን ብቻ አልጽፍም፤ ጥሩ አድርጎ ለተዋት ለእያንዳንዷ መጥፎ ኳስ አንድ ጭረት አሰምርለታለሁ። በግንቦት ገጾቹ በጭረት የተሞሉ ነበሩ። በነሐሴ ነጭ ናቸው። ሆም ራኑ ከመጥፋቱ በፊት ጭረቱ ነው የጠፋው።

ለዉድ አልፈራለትም። የኒውዮርኩ ኤረን ጃጅ በ2016 ሲጀምር በ84 ዕድል 42 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነ፤ ግማሹን ማለት ነው። አቬሬጁ .179 ነበር። በማግሥቱ ዓመት 52 ሆም ራን መታ፤ በዚያም ዓመት 208 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆኗል። ረጅም ሰው ብዙ ይስታል፤ ክንዱ ረጅም መንገድ ነው የሚሄደው። ከኳስ ምርጫው ጋር ከታረቀ ግን ማንም አያቆመውም።

አሁን ወደ ልጅሽ። ከጨዋታ ሲመለስ «መታህ?» ብለሽ አትጠይቂው። «ዛሬ ስንት መጥፎ ኳስ ተውክ?» በይው። መልሱን በወረቀት ላይ ይጻፍልሽ፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። መምታት በእሱ እጅ ብቻ ያለ አይደለም፤ የሚወረውርም የሚይዝም አለ። መተው ግን የእሱ ብቻ ነው። ዓይኑ ሲለምድ ምቱ ራሱ ይመጣል።

በቤት ውስጥ የሚሆን ልምምድም ልስጥሽ፤ የእህቴን ልጅ ያሳደግሁበት ነው። ሦስት ጥንድ ካልሲ ጠቅልለሽ ኳስ አድርጊ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ከኮሪደሩ ጫፍ ቆመሽ ከጀርባሽ እያወጣሽ ወርውሪለት። ሳይይዘው በፊት ቀለሙን ጮክ ብሎ ይናገር። ቀይ ከሆነ በእጁ ይምታ፤ ሌላ ከሆነ እጁን ሰብስቦ ያሳልፍ። ሥራ ከመሄድሽ በፊት አሥር ደቂቃ ይበቃል። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ቀን ሁሉንም ነበር የሚመታው፤ ነጩንም ጥቁሩንም። በሦስተኛው ሳምንት ጥቁሩ ካልሲ በጆሮው አጠገብ ሲያልፍ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሞ በዓይኑ ብቻ ሸኘው። ያን ቀን ነው መቺ መሆኑን ያወቅሁት፤ ገና ሜዳ ላይ ምንም ሳይመታ።

ልጅ ሆኜ ሰላሌ ውስጥ ገና ስንጫወት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ዱላውን የማወርደው። እሩሯ ትሄዳለች፣ ዱላዬ መሬት ይመታል፣ እጄ ይነዝረኛል። ታላቅ ወንድሜ «መጀመሪያ እያት» ይለኝ ነበር፤ ሌላ ነገር አላስተማረኝም። አሁን ገና ስለደረሰ ይህንን ጨዋታ ለልጅሽ ብታሳዪው ደስ ይለኛል፤ ዱላና ኳስ ለእኛ ባዕድ እንዳልሆነ ይወቅ።

ዘጠነኛ ስለ መግባቱ አትዘኚ። ከእሱ ቀጥሎ አንደኛው ነው የሚገባው፤ ዘጠነኛው በነፃ እንኳ ቢያልፍ ለአንደኛው መንገድ ይከፍታል። ሲያለቅስ ደግሞ ዊሊ ሜይስን ንገሪው። በ1951 በ20 ዓመቱ ወደ ኒውዮርክ ጃየንትስ ሲመጣ ከመጀመሪያዎቹ 26 ሙከራዎች አንድ ብቻ ነበር የመታው። አልቅሶ ወደ ታችኛው ሊግ መልሱኝ አለ። ማኔጀሩ (ዋና አሰልጣኙ) ሊዮ ዱሮቸር ነገም ሜዳ መሐል የሚቆመው እሱ እንደሆነ ነገረው። ሜይስ 660 ሆም ራን መትቶ ነው ጨዋታውን የተወው። አንቺም ልጅሽን «ነገም አንተ ነህ» በይልኝ። በጸደይ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ

ያን ኮከብ መቺ፣ ሁዋን ሶቶን፣ ሸጠው ምን አተረፉ? እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ስታዲየም አልገባሁም።
አንባቢ፣ ከኮሎምቢያ ፓይክ፣ አርሊንግተን

መልስ

ሒሳቡ አጭር ነው። ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡለት፤ አልተቀበለም። ነሐሴ 2 ቀን 2022 ከጆሽ ቤል ጋር ለሳን ዲዬጎ ሰጡት። በምትኩ ጄምስ ዉድ፣ ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ሮበርት ሃሰልና ሃርሊን ሱሳና መጡ፤ ሉክ ቮይትም ነበረበት። ከእነዚህ ዉድ፣ ኤብራምስና ጎር ኦልስታር ሆነዋል። ሶቶ በኋላ ከሜትስ ጋር የተፈራረመው 765 ሚሊዮን ነው። በሒሳብ ከሄድክ ክፉ ንግድ አልነበረም።

ሒሳብ ግን ጥያቄህን እንደማይመልስ አውቃለሁ። ጥቅምት 1 ቀን 2019፣ የመስቀል ሰሞን ነበር፤ ኤርፖርት የታክሲ መጠበቂያው ውስጥ ነበርኩ። ከሚልዋኪ ጋር የሞት ሽረት ጨዋታ ነው፤ ስምንተኛው ኢኒንግ (ከዘጠኙ ዙር)፣ 3 ለ 1 እየተመራን፣ ቤዞቹ ሞልተው፣ ሁለት አውት (ሦስተኛው ተራችንን ይዘጋል)። የሚወረውረው ጆሽ ሄደር ነው፤ በዚያን ጊዜ እሱን መምታት የሚችል ሰው እምብዛም አልነበረም። ሶቶ 20 ዓመቱ ነበር። ሬዲዮዬን ከፍ አደረግሁት፤ የአንድ ጎንደሬ ወዳጄ መኪና መስኮት ወረደ፣ ቀጥሎ የሌላ። ሶቶ ወደ ቀኝ መታ፤ ተከላካዩ ኳሷን ሳታት፣ በጓንቱ ሥር ሾለከች፣ ሦስቱም ገቡ። 4 ለ 3። መጠበቂያው ውስጥ ያለ ታክሲ ሁሉ ጥሩምባ ነፋ። ቤዝቦል ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች ከመኪና ወርደው ተቃቀፉ። በወሩ መጨረሻ ሂዩስተንን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፈን የዓለም ሻምፒዮን ሆንን፤ ያ ቡድን ግንቦት ወር ላይ ሲደርስ 19 ጊዜ አሸንፎ 31 ጊዜ የተሸነፈ ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እኔም ሶቶ የሄደ ቀን ሬዲዮውን አጥፍቼ ነው የነዳሁት። ሁለት ሳምንት አልከፈትኩትም። ሐዘንህን ተወው አልልህም። ነገር ግን ዉድ ሆም ራን ወደ ግራ ሜዳ፣ በተቃራኒው በኩል፣ ሲያሻግር በዓይንህ አላየህም። በግራ የሚመታ ሰው ወደዚያ በኩል እንዲህ ሲልክ ማየት ከትኬቱም ከሜትሮውም ዋጋ ይበልጣል። አረንጓዴው መስመር ናቪ ያርድ ያወርድሃል።

ጥያቄ

ጋሼ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ በትምህርት ቤቴ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ተከላካይ) እጫወታለሁ። ናሽናልስ በ2025 ድራፍት አንደኛ አድርገው የመረጡት ኢላይ ዊሊትስ በ17 ዓመቱ ነው የተመረጠው፤ ሊሆን ሲል እኩያዬ ነው። ብራይስ ሃርፐርም ሶቶም በ19 ዓመታቸው ትልቁ ሊግ ገብተዋል። ለምን እሱንም ቶሎ አያመጡትም? ቡድኑ እንደሆነ እየተሸነፈ ነው።
ተማሪ፣ ከፌርፋክስ

መልስ

ልጄ፣ ቡድኑ እየተሸነፈ ስለሆነ ነው መቸኮል የሌለበት። የሚሰምጥ ጀልባ ላይ ሕፃን አይጭኑም።

በነሐሴ መጨረሻ ፍሬድሪክስበርግ ሄጄ ነበር፤ ከዚህ በ95 መንገድ ወደ ደቡብ 50 ማይል ግድም ነው። ዊሊትስ ከኦክላሆማ መጥቶ የጀመረው እዚያ ነው። በሁለቱም እጅ ይመታል፤ አባቱም በኤንጅልስ የተጫወተ ነው፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ የሚቆመው በቤቱ እንደሚቆም ሰው ነው። ግን የምነግርህ ስለ እሱ አይደለም። ከዱጋውቱ (ከተጫዋቾቹ መቀመጫ) አጠገብ፣ ከሦስተኛው ቤዝ በኩል ተቀምጬ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቀጭን ልጅ አየሁ። ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስት ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነ። በሦስተኛው ሲመለስ የራስ ቁሩን አልወረወረም፣ ዱላውን አልሰበረም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትንሽ ደብተር አወጣና ጻፈ። አጠገቡ የተቀመጠው አሠልጣኝ ጎንበስ ብሎ አየለት፤ በጣቱ አንድ መስመር ነካ፤ ሁለቱም ፒቸሩን ተመለከቱ። በአራተኛው ሲገባ ልጁ አራት ኳስ ትቶ በነፃ አለፈ። ከጠቅላላ ተመልካቹ ያጨበጨበ አልነበረም። አሠልጣኙ ግን ብድግ ብሎ ቆሞ ነበር።

የታችኛው ሊግ ሥራ ይህ ነው። ከፍሬድሪክስበርግ ወደ ዊልሚንግተን፣ ከዚያ ሃሪስበርግ፣ ከዚያ ሮቸስተር። አራት ደረጃ ነው፤ በየደረጃው ስላይደሯ የበለጠ ትሸሻለች። ልጁ የሚወድቀው አርባ ሺህ ሰው ፊት ሳይሆን እዚያ ቢሆን ይሻላል፤ ጊዜ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ጋዜጣ የለም።

ሶቶን ስላነሳህ፣ እሱ በ2018 ሃሪስበርግ የተጫወተው 8 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ከዚያ በቀጥታ መጣ። ያ እውነት ነው። ያን ያደረገው ግን በዕድሜው አይደለም። በ19 ዓመቱ ከስትራይክ ዞኑ (ኳሷ ከምትመታበት ቦታ) በጣት ስፋት የወጣችን ኳስ ትቶ ፒቸሩን አፍጥጦ የሚያይ ልጅ ነበር። ዊሊትስም እንደዚያ መተው ከጀመረ በ19 ይምጣ፤ እኔ የመጀመሪያው አጨብጫቢ ነኝ። እስከዚያ ይቆይ። ብሬዲ ሃውስን አስታውስ፤ ክንዱ ድንቅ ነው፣ በሦስተኛ ቤዝ እወደዋለሁ፣ ግን በ2025 ሲመጣ በነፃ የሚያልፈው በስንት አንዴ ነበር። ፒቸሮቹ ያን ሲያውቁ መሐል ለመሐል የምትመጣ ኳስ ከለከሉት።

አንተም ሾርትስቶፕ ስለሆንክ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ባለፈው ጨዋታህ ስንተኛዋን ኳስ ነው የመታኸው፣ ከዚያ በፊት የተውካቸውስ የት የት አለፉ? ማስታወስ ከቻልክ ጎበዝ ነህ። ካልቻልክ ደብተር ግዛ።

ጥያቄ

ለተከበሩ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ የስፖርት መምህር ነኝ። ባለፈው መስከረም ልጄን ለመጠየቅ ዋሽንግተን መጥቼ አንድ የናሽናልስ ጨዋታ ወሰደችኝ፤ ልቤ እዚያ ቀረ። አዲስ አበባ ሆኜ ለመከታተል ማንን ልያዝ? ጨዋታው በእኛ ስንት ሰዓት ነው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ

መልስ

መምህር፣ እንኳን ወደ ቤተሰቡ መጡ። በመስከረም ከመጡ በጥሩ ጊዜ ነው የመጡት፤ ዴይለን ላይልን አይተውታል ማለት ነው። በብሔራዊ ሊጉ የመስከረም ምርጥ ጀማሪ የተባለው እሱ ነው። ዓመቱን በ.299 ጨረሰ፤ 11 ትሪፕልም አለው። ትሪፕል ማለት መትቶ እስከ ሦስተኛው ቤዝ በአንድ ትንፋሽ መድረስ ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ከዚያ የሚያምር ነገር የለም፣ ሩጫ የሚያውቅ አገር ሰው ደግሞ ይበልጥ ይገባዋል። እንደ ዉድና እንደ ክሩዝ ብዙ የተወራለት አልነበረም፤ በ2021 ድራፍት በሁለተኛው ዙር የተመረጠ ነው። ስም ያለውን ሁሉ ስንጠብቅ በጎን መጥቶ መታልን። እሱን ይያዙ።

አዲስ ማኔጀርም አለን፤ ብሌክ ቡቴራ፣ በ2025 ሲሾም 33 ዓመቱ ነበር። ከታችኛው ሊግ ልጆችን እያሠለጠነ ያደገ ሰው መሆኑ ተስፋ ይሰጠኛል። የቡድኑ ትልቁ ጉድለት ጎበዝ ልጅ ማጣት አልነበረም፤ የመጡት ልጆች ከመጡበት ሳይሻሉ መቆየታቸው ነበር። ይህን ሰው የምለካው በማሸነፉ ሳይሆን በሰኔ ወር ክሩዝ ያችን ስላይደር ሲተው በማየት ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የማታው ጨዋታ እዚህ 12 ሰዓት ከ45 ሲጀምር በእናንተ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ45 ነው፤ ለጤናዎም አይመከርም። የእሁዱን ይያዙ። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ከሰዓት በኋላ 7 ሰዓት ተኩል ግድም ሲጀምር በእናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ግድም ይሆናል፤ ከእራት በኋላ ማለት ነው። በስልክ ድምፁን ብቻ መስማት ይቻላል፤ ልጅዎ ታስተካክልልዎታለች። ላይል በግራ ነው የሚመታው። ሲገባ የመጀመሪያዋን ኳስ ተዋት ወይስ መታት የሚለውን ያዳምጡና ይጻፉልኝ፤ በሚያዝያ ደብተሮቻችንን እናስተያያለን።